የተጣበቀ ስኮርታ ጎማ ከመኪና ሥር እንዴት ይወርዳል? ደረጃ በደረጃ

ስኮርታ የተሰቀለለት መኪና ሁሉ ስኮርታ አለው ማለት አይደለም። ከሻንሲው ሥር ተንጠልጥሎ ሁለት ሦስት ክረምት ያሳለፈ፣ ጭቃ የደረቀበት፣ ሰንሰለቱ የዛገ ጎማ በቸገረ ጊዜ አልወርድም ካለ ባዶ ሸክም ነው። ባለመኪናው ይህን የሚያውቀው ደግሞ ሌላው ጎማ ከፈነዳ በኋላ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ጎሚስታ በሌለበት፣ ቀኑ ሲመሽ፣ ቤተሰብ ወይም ጭነት ይዞ።

የተጣበቀ ስኮርታን የሚያወርደው ትዕግሥት ነው። በጉልበት ብቻ የሚታገል ሰው ማዞሪያውን ያጣምማል፣ የዊንቿን ጥርስ ይልጣል፣ ሲብስም ጎማው እግሩ ላይ ይወድቅበታል። በትክክለኛው ቅደም ተከተል የሠራ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይቆርጥ ያወርደዋል። ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ በአገራችን መንገድ ላይ በብዛት የሚታየውን የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ መነሻ ያደርጋል። ሚኒባሶች፣ የአይሱዙ ጭነት መኪኖችና ከአሜሪካ የመጡ ፒክአፖች በዝርዝሩ ይለያያሉ፤ መርሁ ግን ተቀራራቢ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ይወቁ

ከመኪናው ኋላ በፓራውልቱና በሰሌዳው አካባቢ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከክሪኩ ጋር የሚመጡት ተቀጣጣይ ብረቶች ተገጣጥመው በዚህች ቀዳዳ ይገባሉ፤ ጫፋቸውም በሻንሲው አግዳሚ ብረት ላይ ከታሰረች ትንሽ ዊንች ጋር ይገናኛል። ዊንቿ ውስጥ ጥርሶች አሉ። ብረቱ ሲዞር ጥርሶቹ ሰንሰለቱን ወይም የብረት ገመዱን ይጠቀልላሉ፤ ወይም ይፈታሉ። በሰንሰለቱ ጫፍ አንድ መያዣ ሳህን ተንጠልጥሏል። ሳህኑ አግድም ሲሆን በቸርኬው መሃል ቀዳዳ ማለፍ ስለማይችል ጎማውን ከታች ደግፎ ይይዛል፤ ዘንበል ሲደረግ ግን በቀዳዳው ሾልኮ ይወጣል።

እንግዲህ ጎማው ሊጣበቅ የሚችልባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው።

- ማዞሪያ ብረቱ የሚገባበት የዊንች አፍ፦ በጭቃና በአሸዋ ይደፈናል።
- የዊንቿ ጥርሶች፦ ቅባታቸው ደርቆ ይዝጋሉ።
- ሰንሰለቱ፦ ቀለበቶቹ እርስ በርስ በዝገት ተያይዘው እንደ ዱላ ይደርቃሉ።
- መያዣ ሳህኑና የቸርኬው መሃል፦ ሁለቱም ብረት ስለሆኑ ተጣብቀው በዝገት አንድ ይሆናሉ።
- በጎማውና በሻንሲው መካከል ያለው ክፍተት፦ መረሬ ጭቃ ገብቶበት ሲደርቅ ጎማውን ከላይ አጣብቆ ይይዘዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጠጠር ይሸጎርበታል።

ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መታገል ጊዜም መሣሪያም ያባክናል። ከዚህ ሌላ ሌባ ፈርተው ስኮርታውን በተጨማሪ ሰንሰለትና ቁልፍ ያሰሩ ባለመኪኖች አሉ። መኪናውን ከሌላ ሰው የገዙ ከሆነ ይህንንም አስቀድመው ይመልከቱ፤ ዊንቿ ጤነኛ ሆና ጎማውን የያዘው የዛገ ቁልፍ ሊሆን ይችላል።

ጨው ነገሩን ያባብሰዋል። በአፋር የጨው ሜዳ ላይ የሚመላለሱ መኪኖች ከሥር ቶሎ ይዝጋሉ፤ በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው የአሜሪካ ግዛቶች የሚነዱትም እንዲሁ። ጉዳዩ ከመጣበቅ ሊያልፍ እንደሚችል ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የወሰደው እርምጃ ያሳያል። ኩባንያው ብርድ በሚጸናባቸው ግዛቶች የሚገኙ ከ1998 እስከ 2010 ሞዴል የሆኑ 600,000 ያህል ሲየና መኪኖችን ለጥገና የጠራው፣ የስኮርታ ጎማው ገመድ ዝጎ ሊበጠስና ጎማው መንገድ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ነበር። ስለዚህ የዛገ ማንጠልጠያ ሁለት አደጋ አለው፤ ወይ ሲፈልጉት አይወርድም፣ ወይ ሳይፈልጉት ይወርዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የመኪናው ክሪክና ሙሉ ማዞሪያ ብረቶቹ
- የጎማ መፍቻ
- ሁለት ታኮ ወይም ሁለት ደህና ድንጋይ
- ወፍራም የእንጨት ቁራጭ
- መካከለኛ መዶሻ
- ረጅም ካቻቢቴ ወይም ቀጭን የብረት ዘንግ
- የሽቦ ብሩሽ
- ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ
- ጓንት፣ የእጅ ባትሪና ዓይን የሚሸፍን መነጽር
- 2 ወይም 3 ሊትር ውኃ

ስፕሬይ ከሌለ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ ጥሩ ዝገት ማስለቀቂያ ይሆናል። መንገድ ላይ ይህም ካልተገኘ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍታ ከጥቂት የሞተር ዘይት ጋር ይሠራል። ሁሉም ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአካባቢው ሲጋራ አይጨስም፤ ክብሪትም አይጫርም።

ደረጃ 1፦ መኪናውን አደጋ በማያመጣበት ቦታ ያቁሙ

ከቻሉ ከአስፋልቱ ወጥተው ሜዳማና ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙ። ዳገት ወይም ቁልቁለት ላይ ከሆኑ፣ ጎማውን ቀስ ብለው እያስኬዱም ቢሆን ደልዳላ ቦታ መድረስ ይሻላል። የተበላሸ ጎማ በገንዘብ ይተካል።

የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ማንዋል ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ ያድርጉ። የማይነሳውን ጎማ ከፊትና ከኋላ በታኮ ይደግፉ። ተሳፋሪዎችን ከመኪናው አስወርደው ከመንገዱ ራቅ ብለው እንዲቆሙ ያድርጉ። የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ በርቀት ያስቀምጡ፤ መታጠፊያ አካባቢ ከሆኑ ከመታጠፊያው በፊት መታየት አለበት።

ደረጃ 2፦ ሳይነኩ ይመልከቱ

ከመኪናው ኋላ ተንበርክከው በባትሪ ያብሩ። ጎማው አግድም ተስተካክሎ ነው የተሰቀለው ወይስ ወደ አንድ ወገን ዘሟል? ሰንሰለቱ የተወጠረ ነው ወይስ የላላ? የብረት ገመድ ከሆነ ጭራው የተበጣጠሰ ሽቦ ይታይበታል? የተበጣጠሰ ካለ ማንጠልጠያው በማንኛውም ሰዓት ሊለቅ ስለሚችል፣ ቀጣዩን ደረጃ ሳይፈጽሙ ምንም ነገር አይንኩ።

የፒክአፕ ጎማ ከነቸርኬው ከ25 እስከ 35 ኪሎ ይመዝናል፤ የጭነት መኪና ጎማ ከዚያ እጅግ ይከብዳል። ከትንሽ ከፍታ ቢወድቅም የሰው ደረት ወይም እጅ ይሰብራል። ስለዚህ አንዲት ሕግ ሥራው እስኪያልቅ አትጣስ፤ ጭንቅላትዎም ደረትዎም ከጎማው ሥር አይግባ። ሥራው ሁሉ ከኋላና ከጎን ሆኖ፣ እጅን ብቻ አስገብቶ መሠራት ይችላል።

ደረጃ 3፦ ጎማውን ከሥር ይደግፉ

ክሪኩን ከስኮርታው ሥር መሃል ላይ አስገብተው እንጨቱን በላዩ ያድርጉና ጎማውን እስኪነካ ድረስ ያንሱት። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ጎማው በድንገት ቢለቅ ክሪኩ ይቀበለዋል፤ ሰንሰለቱ የተሸከመው ክብደትም ስለሚቀንስ ዊንቿ ትገላገላለች። ያለዎት ክሪክ አንድ ብቻ ሆኖ መኪናውን ለማንሳት ካስፈለገዎት፣ ስኮርታውን በተደራረበ ጠፍጣፋ እንጨት ይደግፉት።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም አይገባም። ክሪክ ይንሸራተታል፣ ዘይቱም ሊያፈስ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ጭቃውን ያስወግዱ

ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ወደ ማዞር ይሮጣል፤ ትልቁ ጊዜ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። በጎማውና በሻንሲው መካከል የደረቀውን ጭቃ ውኃ አጠጥተው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያ በካቻቢቴ ወይም በዘንጉ ዙሪያውን ይፈልፍሉት። የተሸጎረ ጠጠር ካለ ገፍተው ያውጡት።

ቀጥሎ ማዞሪያው የሚገባበትን ቀዳዳ በቀጭን ዘንግ ጠርገው፣ ውስጡን በባትሪ ይዩ። በዊንቿ አፍ ላይ የምትቀር የጣት ጫፍ የምታህል ጭቃ እንኳ ብረቱ ሙሉ በሙሉ እንዳይነክስ ታደርጋለች። ብረቱ ግማሽ ነክሶ በኃይል ሲዞር የዊንቿ አፍ ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ መቁረጥ ካልሆነ ሌላ መንገድ አይኖርም።

ደረጃ 5፦ ዝገት ማስለቀቂያ ይርጩና ይጠብቁ

ስፕሬዩን በአራት ቦታ ይርጩ፤ በዊንቿ አፍ፣ በዊንቿ አካል ላይ ባሉ ክፍተቶች፣ በሰንሰለቱ ርዝመት ሁሉ፣ እንዲሁም ከታች ሆነው ሳህኑና ቸርኬው በሚገናኙበት ዙሪያ። ፍሬኑንና የጎማዎቹን ላስቲክ እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

ከዚያ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ዘይቱ በዝገቱ ውስጥ ሰርጎ መግባት የሚችለው ጊዜ ሲያገኝ ነው። በመጠበቂያው ሰዓት ዊንቿንና ሳህኑን በመዶሻ ቀስ ቀስ እያሉ ይምቱ፤ ንዝረቱ የዝገቱን ሽፋን ይሰነጥቅና ለዘይቱ መንገድ ይከፍታል። ሥራው በቤት ከሆነና ካልቸኮሉ ማታ ረጭተው፣ ጠዋት ደግመው ረጭተው መሥራት የተሻለ ነው።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያ ያጥብቁ፣ ከዚያ ይፍቱ

ማዞሪያ ብረቱን አስገብተው ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ ያወዛውዙት። በትክክል ከነከሰ ጠንካራ መያዝ በእጅዎ ይሰማዎታል፤ ካልነከሰ ይንሸራተታል። ከኋላ ሆነው ሲያዩት አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት አቅጣጫ ማዞር ጎማውን ያነሳል፣ በተቃራኒው ማዞር ያወርዳል።

ብረቱ እንቢ ካለ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ሩብ ዙር ይሞክሩ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው መንገድ ዳር አንድ ወጣት የሃይሉክስ ሹፌር ከስኮርታው ጋር ሲታገል፣ አንድ ሸምገል ያሉ የከባድ መኪና ሹፌር ወርደው ሲረዱት አይቻለሁ።

«ልጄ፣ እስቲ አጥብቀው» አሉት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ላወርደው ነው የፈለግኩት።»

«እሱማ ገብቶኛል። መጀመሪያ አጥብቀው፤ ዝገቱ ይሰበር።»

ወጣቱ ወደ ቀኝ ገፋ ሲያደርገው ከዊንቿ ውስጥ ቀጭን የስንጥቅ ድምፅ ተሰማ፤ ቀይ የዝገት ዱቄት በፓራውልቱ ላይ ረገፈ። ከዚያ ወደ ግራ ሲመልሰው ብረቱ ሩብ ዙር ሄደ። አዛውንቱ አስቁመው እንደገና ዘይት አስጨመሩት። ወደ ቀኝ ጥቂት፣ ወደ ግራ ትንሽ በለጥ እያለ፣ በየመሃሉ ዘይት እየጨመረ ጎማውን መሬት አስነካው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዝገት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲገፋ ይበልጥ ይታመቃል፤ ወዲህና ወዲያ ሲባል ግን ይፈጫል፣ ዘይቱም ይገባበታል። በማዞሪያው ላይ ረጅም ቱቦ አስገብቶ በሁለት ሰው ክብደት መግፋት ግን ብረቱን ይጠመዝዛል፤ የዊንቿንም ጥርስ ይሰብራል።

ደረጃ 7፦ እንቢ ካለ ምልክቱን አይተው ይወስኑ

*ማዞሪያው ጨርሶ አይዞርም።* ሰንሰለቱ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ሊሆን ይችላል። ክሪኩን ትንሽ ከፍ አድርገው ጎማውን ወደ ላይ ይግፉት፤ ውጥረቱ ሲቀንስ እንደገና ይሞክሩ። ጎማውን ከሻንሲው ጋር አጣብቆ የያዘው ላስቲኩ ከሆነ ከስኮርታው ጥቂት ንፋስ ማስወጣት ይረዳል፤ ይህን የሚያደርጉት ግን መልሰው መሙያ ፓምፕ ካለዎት ብቻ ነው።

*ማዞሪያው ይዞራል፣ ሰንሰለቱም ላልቷል፣ ጎማው ግን ከላይ ቀርቷል።* ዊንቿ ሥራዋን ሠርታለች፤ የያዘው ጭቃ ወይም ዝገት ነው። ሰንሰለቱን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በላይ አያላሉት፤ ጎማው ሲለቅ የሚወድቀው በላላው ልክ ነውና። ክሪኩንም በዚያው ልክ ዝቅ አድርገው ይተዉት። ከዚያ ከኋላ ቆመው ረጅም ዘንግ በጎማውና በሻንሲው መካከል አስገብተው ወደ ታች ይጫኑ፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። እጅዎን በክፍተቱ ውስጥ አያስገቡ።

*ማዞሪያው በቀላሉ ይዞራል፣ ሰንሰለቱ ግን አይንቀሳቀስም።* መጀመሪያ ብረቱ መንከሱን ደግመው ያረጋግጡ። ነክሶም ሰንሰለቱ ካልተንቀሳቀሰ የዊንቿ ጥርስ ተልጧል። ከዚህ በላይ ማዞር ጥቅም የለውም፤ ወደ ደረጃ 8 ይለፉ።

*ጎማው ትንሽ ወርዶ ቆመ።* ሰንሰለቱ በከበሮው ላይ ተዛንፎ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ወደ ላይ ጠቅልለው እንደገና ያውርዱት። ከአሜሪካ በመጡ እንደ ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ ባሉ ፒክአፖች ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። እነዚህ መኪኖች ገመዱ ቢበጠስ ጎማው እንዳይወድቅ የሚይዝ ሁለተኛ መቆለፊያ አላቸው፤ ይህ መቆለፊያ አንዳንዴ ገመዱ ጤነኛ ሆኖም ይይዛል። መፍትሔው ገመዱን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አላልቶ፣ ክሪኩን ከጎማው መሃል ሥር አድርጎ ጎማው ከዚያ በላይ አልሄድም እስኪል ወደ ላይ መግፋት ነው። መቆለፊያው ሲላቀቅ ክሪኩን ቀስ ብለው ያውርዱት፤ ጎማው አብሮ ይወርዳል።

*ጎማው መሬት ደርሷል፣ ሳህኑ ግን ከቸርኬው አይወጣም።* ይህ የመጨረሻው እንቅፋት ነው፤ አደጋውም ትንሽ ነው። ሰንሰለቱን በደንብ ያላሉ፤ ጎማውን ወደ ኋላ ስበው በጎኑ ያቁሙት። የሳህኑን ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ ፍቀው ዘይት ይርጩ። የእንጨት ቁራጭ ሳህኑ ላይ አድርገው ከሰንሰለቱ በኩል በመዶሻ ይምቱት። ሳህኑ ሲላቀቅ ዘንበል አድርገው በቀዳዳው ያሾልኩት።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻው አማራጭ፣ መፍታት ወይም መቁረጥ

ዊንቿ ከተበላሸች ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ዊንቿን ከአግዳሚው ብረት ጋር ያሰሯትን ቡሎኖች ፈትቶ ከነጎማው ማውረድ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ማራዘሚያ ያለው መፍቻ ይጠይቃል። ይህን ከማድረግዎ በፊት ጎማው በክሪክ መደገፉን ያረጋግጡ፤ ቡሎኖቹ ሲፈቱ ክብደቱ ሁሉ በአንዴ ይለቃልና።

ሁለተኛው ሰንሰለቱን ወይም ገመዱን መቁረጥ ነው። የብረት መጋዝ ጊዜ ይወስዳል፤ ከሁሉ ግን አደጋው ያነሰ ነው። ግራይንደር የሚጠቀም ሰው መነጽር ያድርግ፤ ፍንጣሪው ወደ ነዳጅ ሰልባትዮው፣ ወደ ነዳጅ ቱቦውና ወደ ላስቲኩ እንዳይሄድ በርጥብ ጨርቅ ይከልል። ተቀጣጣይ ዘይት የተረጨበትን ቦታ አስቀድሞ በደንብ ይጥረግ። ሰውነትዎ ከጎን ይሁን፤ ሰንሰለቱ ሲቆረጥ ጎማው ክሪኩ ላይ ይቀመጣል።

የብየዳ እሳት ግን በጭራሽ አይጠቀሙ። ንፋስ ያለው ጎማ ከነቸርኬው ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፤ ላስቲኩም ተቀጣጣይ ጋዝ ይለቅና በኃይል ሊፈነዳ ይችላል። በዚህ ዓይነት ፍንዳታ በዓለም ዙሪያ ባለሙያዎች ሞተዋል።

ደረጃ 9፦ የወረደውን ጎማ ከመግጠምዎ በፊት ይመርምሩ

የፈነዳው የኋላ ጎማ ከሆነ መኪናው ስለሚሰምጥ ስኮርታው ከፓራውልቱ ሥር ላይወጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ መኪናውን በክሪክ ከፍ አድርገው፣ ስኮርታውን ከኋላ ቆመው ይሳቡት።

ከወጣ በኋላ ንፋሱን ይመልከቱ። ለረጅም ጊዜ የተሰቀለ ጎማ ማንም ሳይነካው ንፋሱ ይቀንሳል። ቀጥሎ የጎማውን ዕድሜ ይዩ፤ በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት 4 አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 3519 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም 10 ዓመት ያለፈው ወይም ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ቀስ ብሎ እስከ ቅርብ ጎሚስታ ለመድረስ ብቻ ያገለግል፤ ከዚያ ይተካ።

ደረጃ 10፦ ሲመልሱት እንደገና እንዳይጣበቅ አድርገው ይመልሱት

ማንጠልጠያው ገና ባዶ ሳለ መሥራት ከሁሉ ይቀልላል። ሰንሰለቱን ሙሉ በሙሉ አውርደው በሽቦ ብሩሽ ይፈቅፍቁት፤ በነጭ ጋዝ አጥበው ያድርቁት። የሳህኑን ጠርዝና የቸርኬውን መሃል ግሪስ ይቀቡ። ለሰንሰለቱ ግን ቀጭን ዘይት ይበቃል፤ ወፍራም ግሪስ በኮረኮንች መንገድ አቧራና አሸዋ ይሰበስባል። ገመዱ የተበጣጠሰ ወይም ቀለበቱ በዝገት የሳሳ ከሆነ አይሰቀልበት፤ ማንጠልጠያው እስኪቀየር ጎማውን ጭነት ላይ አስረው ይያዙት።

ሲሰቅሉት ሳህኑ በቸርኬው መሃል በትክክል መቀመጡን አይተው ቀስ ብለው ያንሱ። ጎማው አግድም ሆኖ ከላይ ሲደርስ በደንብ ያጥብቁና በእጅዎ ገፍተው ይፈትኑት፤ መወዛወዝ የለበትም። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ቆመው እንደገና ይመልከቱት። የማዞሪያው ቀዳዳ ክዳን ከጠፋ ይተኩት፤ ክዳን የሌለው ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ዊንቿ አፍ ጭቃ ያስገባል።

ዳግም እንዳይደርስ

ስኮርታውን በዓመት ሁለት ጊዜ ያውርዱት፤ አንዴ በግንቦት ክረምቱ ሳይገባ፣ አንዴ በመስከረም ጭቃው ሲደርቅ። በጨው ሜዳ ወይም በባሕር ዳርቻ ከነዱ እንደተመለሱ ያሳጥቡት። ላቫጆ ሲወስዱት ከስኮርታው በላይ ያለውን ክፍተት በውኃ ግፊት እንዲያጸዱልዎት ይጠይቁ፤ ካልተጠየቁ ብዙዎቹ አያዩትም። ጎሚስታ ጎማ ሲያቀያይርልዎት ስኮርታውንም አብሮ እንዲያወርደው ያድርጉ። ያገለገለ መኪና ሲገዙም ሞተሩን ብቻ አይስሙ፤ ስኮርታው ዓይንዎ እያየ ወርዶ ይመለስ። ሹፌሮችን የሚያሰማሩ ድርጅቶችም ይህን ከዘይት ቅየራው ጋር አብረው ቢያስይዙ ሠራተኛቸውን በሌሊት መንገድ ዳር ከመቅረት ያድኑታል።

አንድ አደራ ይጨመርልኝ። ጎማ ቀይረው ሲነሱ ታኮ ያደረጉትን ድንጋይ፣ ለምልክት የደረደሩትንም ድንጋይና ቅጠል ከአስፋልቱ ያንሱ። እዚያ የተረሳ ድንጋይ በጨለማ ለሚመጣው ሞተረኛም ሆነ ሚኒባስ የሞት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ይህን ያነበቡ ባለመኪናዎች ሁሉ በዚህ ሳምንት፣ በቀን ብርሃን፣ ግቢያችሁ ውስጥ ስኮርታችሁን አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ስቀሉ። ዛሬ በጤና ቀን እንቢ ያለ ጎማ በችግር ቀን ከቶ እሺ አይልም።